የአርባ ሦስት ሰከንድ ውሃ

በአንድ ወቅት፣ እያንዳንዱ ክልል የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ባንዲራና የራሱ ቴሌቪዥን ጣቢያ በነበረው አንድ አገር፣ ሀብታለም የሚባል ወጣት የአንዱን ክልል ቴሌቪዥን ካሴቶች ይጠብቅ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ካሴት ይረከባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሲጠየቅ ያወጣል። እሱ ግን በር ቆልፎ ከወጣ በኋላ መቆለፉን ለማረጋገጥ ከደረጃው ሥር የሚመለስ ሰው ስለነበር ምንም ነገር ቀላል ሆኖለት አያውቅም። ካሴት ቁጥር 1187 ደግሞ ጨርሶ ሰላም ነሳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ምርጫ ሊደርስ ሲል፣ ሸንበቆ በር በምትባል ቀበሌ የውሃ ቦኖ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ቧንቧው ተከፈተ። ዙሪያሽ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በሁለት እጇ ውሃውን ተቀብላ ትጠጣለች፣ አገጯን በክንዷ ትጠርጋለች፣ ወደ ካሜራው ዞራ ትስቃለች። በጠቅላላው አርባ ሦስት ሰከንድ። በዜናው ላይ ሙዚቃ ስለተደረበበት የሚሰማው ሙዚቃው ብቻ ነው። ካሴቱ ላይ ግን ድምፅዋ አለ።

«ነገም ይመጣል?» ትላለች።

ከካሜራው ኋላ አንዲት ሴት ትመልስላታለች። «ሁልጊዜ፣ የኔ ማር! ሁልጊዜ!»

ውሃው የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ ቆመ። ጉብታው ላይ የተቀመጠውን ታንከር የሞላው ቦቴ መኪና እንጂ ምንጭ አልነበረም። ዋናው መስመር በኋላ ይዘረጋል ተብሎ ነበር። ነገር ግን የውሃ ቢሮው የዓመቱን ሪፖርት ሲያዘጋጅ ሸንበቆ በርን ውሃ ካገኙት ቀበሌዎች ጋር መዘገባት፤ ማስረጃው ምንድን ነው በሚለው ቦታ ላይም «የቴሌቪዥን ዜና» ተብሎ ተጻፈ። ቴሌቪዥኑም በተራው የቢሮውን ሪፖርት ጠቅሶ ዜናውን ደገመው። አንዱ ለሌላው እየመሰከረ ለዋናው መስመር የታሰበው ቧንቧ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ። ከስምንት ወር በኋላ ዙሪያሽ ጀሪካን አዝላ ከወንዝ ስትወጣ ከገደሉ ወድቃ ሞተች።

ፊልሙ ግን አላረፈም። ፕሮግራም አጥሮ ክፍተት ሲፈጠር የሚሞላው ሀብታለም ነበር፤ አርባ ሦስት ሰከንዱ ልክ ስለሚመጣለት እሱን ያስገባል። የልጅቷን መሞት የሰማ ቀን መዝገቡን ከፍቶ ቆጠረ። ከሞተች በኋላ ሰባ ሁለት ጊዜ አጠጥቷታል።

ከዚያ ወዲህ የክፍሉን ቴሌቪዥን ድምፅ ቢዘጋም ጥያቄዋ ይሰማው ጀመር። ምናልባት የገዛ ጆሮው ነው፤ እርግጠኛ አልነበረም። ሳቋም ከቀድሞው ትንሽ የዘገየ መሰለው። ሰዓት ይዞ ለካው፤ አልዘገየም። ለክቶ ሲጨርስ እንደገና ዘገየበት።

በዚህ መሃል ጣቢያው ያረጁ ካሴቶች በሙሉ ተደምስሰው ለአዲስ ቀረጻ እንዲውሉ አዘዘ። 1187 ሌላ ቅጂ የለውም፤ ዜናውም ጥሬው ቀረጻም ያለው እዚያው ላይ ነው። ሀብታለም ብቻውን መወሰን ስላቃተው ለሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ማስታወሻ ላከ። «ካሴቱ ሐሙስ ቀን ይደመሰሳል፤ የምትፈልጉት ከሆነ ከስድስት ሰዓት በፊት ኑ» ይላል። ከሦስቱ አንዱ ቢመጣ ነገሩ በራሱ ይወሰናል ብሎ አስቦ ነበር። ሦስቱም መጡ።

መጀመሪያ የገቡት አቶ ጎሽሜ ናቸው፤ የዞኑ ውሃ መምሪያ ኃላፊና የገዢው ፓርቲ ሰው። ያኔ ቦቴውን ያስመጡት እሳቸው ነበሩ፤ አልካዱም።

«መስመሩ በወሩ ይገባል ብለውኝ ነበር፤ አምኜ ዋሸሁ» አሉ። «አሁን ሁለት መቶ አሥራ አራት ቧንቧ መጋዘን አስገብቻለሁ። ውሃ አላት ለተባለች ቀበሌ አዲስ መስመር ስለማይፈቀድ 'ማስፋፊያ' ብዬ በራሴ ፊርማ ነው ያስፈቀድኩት። ይህ ካሴት ከወጣ 'የምን ማስፋፊያ?' ይባላል፤ ቧንቧውም ይታገዳል፣ እኔም እታሰራለሁ። ስጠኝና ላቃጥለው። ስድስት መቶ ቤት ውሃ ይጠጣ።»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ፀዳለ ገባች። ያንን ዜና የሠራችው ጋዜጠኛ ናት፤ ከካሜራው ኋላ «ሁልጊዜ» ያለችውም እሷ። ማስታወሻው በደረሳት ሳምንት ሥራዋን በገዛ ፈቃዷ ለቃ ከአንድ የግል ቴሌቪዥን ጋር ተስማምታለች።

«እንዲህ የተመረቁ ሌሎች አሥራ አንድ ቀበሌዎች አሉ፣ ሀብቴ» አለችው፤ ዝርዝሩን በእጇ ይዛለች። «ካሴቱ ላይ ቦቴው ከነቱቦው ጥግ ላይ ይታያል። ከዚህ ሌላ ማስረጃ የለኝም። ቅጂውን ብይዝ አቀናብራው ነው ይሉኛል፤ ዋናውን ስጠኝ። የራሴንም ድምፅ አልቆርጠውም። ሰው ሁሉ ይስማኝ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ አቶ ጎሽሜ። «ያንቺ ኅሊና ምርጫ ሲደርስ ነው እንዴ የሚነቃው?»

«የእርስዎም ቧንቧ እንደዚያው ነው፣ ጋሼ።»

«ሦስት ወር ታገሺ በቃ! ውሃው ይለቀቅ፣ ከዚያ የፈለግሽውን አውሪ።»

«ምርጫው ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ካለፈ በኋላ አሥራ አንዱን ቀበሌ ማን ያነሳቸዋል? አምስት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለው ይጠብቁ?»

የዙሪያሽ እናት ወይዘሮ ጥሩአይነት መቼ እንደገባች አንዳቸውም አላዩም። በጭነት መኪና ግማሽ ቀን ተጉዛ የመጣች ናት፤ ፀጉሯ አቧራ ለብሷል። ወንበር ሲሰጧት ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ ያለችው የትኛው ውስጥ ነው?» አለች።

ሀብታለም ካሴቱን አሳያት። ለመንካት እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

«ፎቶዋ የለኝም። ትምህርት ቤት ሊያነሷቸው የመጡ ዕለት ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበር። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፤ ትመጣና ትጠጣለች። እኔ እሷን አያለሁ፣ ሰዉ እኔን ያያል። በሞተ ሰው እንዲህ ይደረጋል?» ወደ አቶ ጎሽሜ ዞረች። «እርስዎ ቢያቃጥሏት ሁለተኛ ቀበርኳት ማለት ነው።» ወደ ፀዳለ ዞረች። «አንቺ ብትወስጂያት ደግሞ አገር ሁሉ ሲከራከርባት ይውላል። ለእኔ ስጡኝ፤ ሳጥኔ ውስጥ ትረፍ።»

«ማጫወቻ አለዎት እናቴ?» አለ ሀብታለም።

«የለኝም። ውስጡ እንዳለች ካወቅሁ ይበቃኛል።»

ፀዳለ አጠገቧ ተንበረከከች። «ታናሿ ልጅዎስ፣ እትዬ? እሷም በዚያው ገደል አይደል የምትወርደው?»

«አብሬያት እወርዳለሁ። ታላቋን ነበር ብቻዋን የላክኋት።» ወይዘሮ ጥሩአይነት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ዙሪያሽ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ቦኖው ጋ ትሄድ ነበር። ከፍታ ታየዋለች። ደርቆ ስታገኘው ነው ወደ ወንዝ የምትወርደው፤ እስከዚያ ጓደኞቿ ጥለዋት ይሄዳሉ። 'ተይው' ስላት 'ሴትየዋ ይመጣል ብላኛለች' ትለኛለች። እኔም ምናልባት ብዬ ዝም አልኳት።»

ፀዳለ ዝርዝሩን አጠፈችው፤ ቆይታ መልሳ ዘረጋችው። አቶ ጎሽሜ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ይሁን እንጂ ካሴቱን ለእኔ ማለቱን የተወ አልነበረም።

ሀብታለም ማጣራት የሚችለውን ሁሉ አጣራ። መጋዘን ደወለ፤ ቧንቧዎቹ አሉ፣ በቁጥርም ልክ ናቸው። የፀዳለን ዝርዝር ከራሱ መዝገብ ጋር አመሳከረ፤ ከአሥራ አንዱ የሰባቱ የምረቃ ዜና ተገኘ፣ ሰባቱም በዚያው የምርጫ ወቅት የተላለፉ ናቸው። የእናትየዋን ቃል የሚያጣራበት መንገድ አጣ። ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ካሴቱን ታያለች።

ማባዛትንም አሰበ። ቢያባዛው የአቶ ጎሽሜ ምስጢር ምስጢር አይሆንም፤ ዙሪያሽም ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ በሌላ ቤት መጠጣቷን ትቀጥላለች። ዝም ማለትንም አሰበ። ዝም ካለ ካሴቱ ይደመሰሳል፤ ያ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ለአቶ ጎሽሜ መስጠት ነው። ለሚያመጡት ውሃ ሲል ቢሰጣቸው፣ ስለ ፈራቸው ይሁን ለሰዉ ስላሰበ በምን ያውቃል? ለእውነቱ ሲል ለፀዳለ ቢሰጣት፣ ሰባ ሁለቱን ጊዜ ከራሱ ላይ ለማውረድ ቢሆንስ? ለእናትየዋ ቢሰጣት፣ አዝኖላት ነው ወይስ ፊልሙን ዳግም ላለማየት?

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሠራተኞች ካሴቶቹን የሚጭኑበትን ጋሪ እየገፉ በኮሪደሩ መጡ፤ የጎማው ሲጥሲጥታ በየበሩ ቆም እያለ ይቀርባል። ሀብታለም ካሴቱን ከመደርደሪያው አወረደ። ሦስቱም ተነሱ፤ ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ፤ የማንም እጅ ከማንም አልቀደመም።

ለአንዱ ሰጠ። ለማን እንደሰጠ እኛ አንናገርም፤ የሰሙ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል። እናንተም ተጨቃጨቁበትና ንገሩን፤ ካሴቱ ለማን ይገባ ነበር? ውሸቱን አቃጥሎ ውሃውን ለሚያመጣው ነው? ራሷን አዋርዳ እውነቱን ለምታወጣው? ወይስ ልጇን ከመጠጣት ለምታሳርፈው?