ውሻ የፈለገው ግልገል

እኔ ልንገራችሁ፣ እናንተ አድምጡኝ።

አንዲት በግ ግልገሏን «ከመንጋው ከጠፋህ ውሻ ፈልግ፤ ጆሮው የቆመ፣ አፉ የሾለ ነው» አለችው። እሷ በዕድሜዋ የምታውቀው አንድ ውሻ ብቻ ነበር።

ግልገሉ አንድ ቀን ጠፋ። ጆሮው የተንጠለጠለ ውሻ አገኘውና «ና፣ እናትህ ጋ ላድርስህ» ሲለው ግራ ገብቶት ሸሸ። ቀጥሎ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ፣ እግሩ ያጠረ ውሻ መጥቶ «እኔም ውሻ ነኝ» አለው። ግልገሉ ይበልጥ ተደናግሮ ከእሱም ሸሸ።

በመጨረሻ ጆሮው የቆመ፣ አፉ የሾለ ቀበሮ ብቅ አለ።

«ውሻ ነህ?» አለው ግልገሉ።

«ታዲያ ምን እመስላለሁ?» አለ ቀበሮው።

ግልገሉ እፎይ ብሎ ተከተለው።

ሲመሽ እናቲቱ ሁለቱን ውሾች «ልጄን አላያችሁትም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አይተነው ነበር» አሏት። «ውሻ እየፈለገ ነበር።»