ሳሙናዋ አላሳይም አለች

የሺእመቤት ዋሽታለች። መጀመሪያ ይኼ ይነገር፤ ተረቱ ኋላ ይደርሳል።

ሐኪሙ ያለው «በጥንቃቄ ከሆነ በመኪና መሄድ ይችላሉ» ነበር። የሺእመቤት ግን ከሐኪሙ ክፍል ወጥታ፣ እግራቸውን በጄሶ ታስረው ኮሪደር ላይ ለሚጠብቋት ለእናቷ ለእማማ ዘነቡ «ከልክሏል» አለቻቸው። ከደሴ እስከ አርባ ምንጭ ያለውን መንገድ፣ በየፌርማታው ደግፎ ማውረዱን፣ ደግፎ ማሳፈሩን ስታስበው ገና ሳትነሳ ወገቧ ደከመ። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ቀላል ነበር። የከበዳት ከወጣ በኋላ ነው።

በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ልጅ የአምሳሉ ሠርግ በሙሽራይቱ አገር በአርባ ምንጭ ሲደገስ፣ እናቱ ደሴ ቀሩ።

«አይዞሽ እማዬ» አለች የሺ። «ሠርጉ በኢንተርኔት ቀጥታ ይተላለፋል። በቴሌቪዥን አጠገቡ እንደተቀመጥሽ ሆነሽ ታይዋለሽ።»

እማማ ዘነቡ የፈለጉት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ ልጃቸው ጉልበት ሲስም ፊቱን አይተው መመረቅ። ሙዚቃውም ይቅር፣ ኬኩም ይቅር፣ የሚዜዎቹ ጭፈራም ይቅር። ፊቱን አይቶ መመረቅ ብቻ።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሳሎኑ በጎረቤት ሞላ። ቴሌቪዥኑ በራ። ከቴሌቪዥኑ ሥር አምሳሉ ባለፈው ዓመት ያመጣላቸው ትንሽ ኮምፒውተር አለች። የኢንተርኔቱን ሥዕል እየተቀበለች ለቴሌቪዥኑ የምታቀብል እሷ ናት። መጠኗ የልብስ ሳሙና ስለሚያህል በቤቱ ስሟ «ሳሙናዋ» ነው። ሳሙናዋ መጀመሪያ ድንኳኑን አሳየች፣ ቀጥላ ከበሮ መቺውን አሳየች፣ ከዚያ ደከማት መሰለኝ ሁሉንም ትታ አንዲት ነጭ ክብ ማዞር ጀመረች። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች።

ይሄኔ የየሺ ስልክ ጮኸ። አምሳሉ ነው።

«እማዬ፣ እዚህ ባዶ ወንበር አስቀምጬልሽ ፊቱ ተንበርክኬያለሁ። ሚዜዎቹ መኪና አስነስተዋል፤ ሳትመርቂኝ ግን አልነሳም!»

«እኔስ ፊትህን ሳላይ መቼ እመርቃለሁ?» አሉ እማማ ዘነቡ። «ድምፅ አይመረቅም።»

«በስልኬ ላሳይሽ?» አለች የሺ።

«በስልክማ የቁንጫ ያህል ሰው ነው የምታሳይኝ። ቁንጫ መርቄ አላውቅም! አይ ሐኪሙ፣ እሱ ባይከለክለኝ ይኼኔ ጉልበቴን ይስም ነበር።»

የሺ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች። ወደ እናቷ ከማየት ወደ ክቧ ማየት ይሻላታል።

«አንተ ቴሌቪዥን፣ ምናለ ብታሳይ? እማዬ ካላየሁ አልመርቅም አለች፤ አምሳሉ ካልተመረቅሁ አልነሳም አለ።»

ቴሌቪዥኑ ቢናገር እንዲህ ይል ነበር፤ «እኔ መስኮት ነኝ። መስኮት ከውጭ ያለውን ነው የሚያሳየው። ሳሙናዋ ካላቀበለችኝ አላሳይም።»

የሺ ወደ ሳሙናዋ ጎንበስ አለች። ገመዷን ነቅላ እፍ ብላ መልሳ ሰካችው። አጠፋቻት፣ አበራቻት። የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አደረገችላት።

«አንቺ ሳሙና፣ ምናለ ብታቀብይ? ቴሌቪዥኑ ካላቀበለችኝ አላሳይም አለ፤ እማዬ ካላየሁ አልመርቅም አለች፤ አምሳሉ ካልተመረቅሁ አልነሳም አለ።»

ሳሙናዋም፣ «ከዋይፋዩ የሚመጣልኝ እንደ ክር የቀጠነ ነው። እሱ ካላወፈረልኝ አላቀብልም» አለችና ክቧን ቀጠለች።

«እሷ ነገር እንጂ ሥዕል ማቀበል አትችልም» አሉ ከጥግ ወይዘሮ ሸጊቱ። ወይዘሮ ሸጊቱ ከአጥር ወዲያ ያሉ ጎረቤት ናቸው፤ ሳቅ የሌለበት ቤት አይገቡም። ከገቡም አስቀው ይወጣሉ።

የሺ በሩ ራስጌ ወደተሰቀለው ዋይፋይ ሄደች።

«አንተ ዋይፋይ፣ ምናለ ብታወፍር? ሳሙናዋ ካላወፈረልኝ አላቀብልም አለች፤ ቴሌቪዥኑ ካላቀበለችኝ አላሳይም አለ፤ እማዬ ካላየሁ አልመርቅም አለች፤ አምሳሉ ካልተመረቅሁ አልነሳም አለ።»

ዋይፋዩ መብራቶቹን ጥቅስ ጥቅስ አደረገ። «ቤታችሁ ውስጥ አፉን ከቧንቧዬ ያላነሳ ሰው አለ። ባልሽ መኝታ ቤት ተኝቶ በስልኩ ኳስ ያያል። ያ ስልክ ካልተዘጋ አላወፍርም።»

የሺ የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አደረገችው። ባሏ አቶ ደምመላሽ ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ስቦ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አቁሞ ነበር። ሰውዬው አኩርፏል። ለአምሳሉ ልጅቷን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ እሱን የጠራው የለም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ሠርጉ በተነሳ ቁጥር ብርድ ልብሱም አብሮ ይነሳል።

«ደምመላሽ፣ ስልክህን ዝጋልኝ። ዋይፋዩ ስልኩ ካልተዘጋ አላወፍርም አለ፤ ሳሙናዋ ካላወፈረልኝ አላቀብልም አለች፤ ቴሌቪዥኑ ካላቀበለችኝ አላሳይም አለ፤ እማዬ ካላየሁ አልመርቅም አለች፤ አምሳሉ ካልተመረቅሁ አልነሳም አለ።»

«አሃ!» አለ አቶ ደምመላሽ። «ለሽምግልና ያልታወስኩ ሰውዬ ለኢንተርኔት ታወስኩ?»

«አሁን የኩርፊያ ሰዓት ነው? ሙሽራው ተንበርክኮ እየጠበቀ!»

«ይጠብቃ። ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ስልክ ላይ አታላክኩ። ሂጂና ያቺን ሳሙናችሁን በእጅሽ ንኪያት። እንደ ካውያ ግላለች! ሲግላት ትደክማለች፣ ስትደክም ክብ ታዞራለች። በላይዋ ዳንቴል አልብሳችኋት በየት ትተንፍስ? ዳንቴሉ ካልወረደ እኔም ስልኬን አልዘጋም!»

እውነቱን ነው። በእማማ ዘነቡ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ፍሪጁ ዳንቴል አለው፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ መናገር ካቆመ የቆየው ሬዲዮ እንኳ ዳንቴሉን እንደደረበ ነው። ሳሙናዋ የመጣች ሳምንት እማማ ዘነቡ ኪሮሻቸውን አንስተው፣ ዙሪያው አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጭ ዳንቴል ልክ እንደ ሕፃን ቆብ አድርገው ሠሩላት። የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎቿን ሲያዩ «ምስኪን፣ ብርድ የሚገባት በዚህ በዚህ ነው» ብለው እነሱ ላይ ደግሞ ድርብ አድርገው ሠሩት።

የሺ ተመልሳ ሳሙናዋን ነካቻት። እጇን ቶሎ ሳበች።

«አንተ ዳንቴል፣ ምናለ ብትወርድ? ደምመላሽ ዳንቴሉ ካልወረደ ስልኬን አልዘጋም አለ፤ ዋይፋዩ ስልኩ ካልተዘጋ አላወፍርም አለ፤ ሳሙናዋ ካላወፈረልኝ አላቀብልም አለች፤ ቴሌቪዥኑ ካላቀበለችኝ አላሳይም አለ፤ እማዬ ካላየሁ አልመርቅም አለች፤ አምሳሉ ካልተመረቅሁ አልነሳም አለ።»

ዳንቴሉም በኩራት፣ «እኔ የእጅ ሥራ ነኝ፤ የሠራችኝ ካላዘዘችኝ አልወርድም» አለ። ባይልም የሺ ታውቀዋለች። የእማማ ዘነቡን ዳንቴል ያለ ፈቃድ ያነሳ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲነሳበት ይኖራል።

ስለዚህ እናቷ ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ የሳሙናዋን ዳንቴል ላውርደው?»

«ምን? ራቁቷን? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ግላለች እኮ።»

«ትጋል! ደሴ ላይ ሞቀኝ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ልጄ ከደሞዙ ቆርጦ የገዛልኝን ዕቃ ገላዋን አሳይቼ ላስቀምጣት? ሰጪው አምሳሉ ነው፤ እሱ ራሱ አውርጂው ካላለኝ አላወርድም።»

የሺ መሀል ሳሎን ላይ ደረቀች። እንግዲህ ቁጠሩላት። እማማ ዘነቡ አምሳሉ ካላለኝ ዳንቴሉን አላወርድም አሉ። ዳንቴሉ እማማ ዘነቡ ካላዘዙኝ አልወርድም አለ። ደምመላሽ ዳንቴሉ ካልወረደ ስልኬን አልዘጋም አለ። ዋይፋዩ ስልኩ ካልተዘጋ አላወፍርም አለ። ሳሙናዋ ካላወፈረልኝ አላቀብልም አለች። ቴሌቪዥኑ ካላቀበለችኝ አላሳይም አለ። እማማ ዘነቡ ካላየሁ አልመርቅም አሉ። አምሳሉ ካልተመረቅሁ አልነሳም አለ። ከአምሳሉ ተነስተው አምሳሉ ላይ ደረሱ፤ ነገሩም እንደዚያች ነጭ ክብ እዚያው በዚያው መዞር ጀመረ።

«ምነው ዝም አልሽ? ደውይለታ!» አሉ ወይዘሮ ሸጊቱ።

የሺ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከወዲያ ጫፍ የመጣው ግን ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ነው።

«አምሳሉ! ምን ሆንክ?»

«እየቀለጥኩ ነው እትዬ! የሙሽራይቱ አባት ካባ ደረቡልኝ። ከሥሩ ሱፍ ለብሻለሁ። ላዬ ላይ የአርባ ምንጭ ፀሐይ አለ፣ ድንኳኑ ደግሞ ላስቲክ ነው። አንድ ሰው ውኃ በጭንቅላቴ ላይ ያፍስስብኝ!»

እማማ ዘነቡ ከነጄሶአቸው ከሶፋው ሊነሱ ምንም አልቀራቸው። «ልጄን ቀቀሉት! በል አውልቀው!»

«ነውር ነው እማዬ። ለክብር ብለው ነው ያለበሱኝ።»

«የምን ክብር ነው ትንፋሽ የሚያሳጣ? የወደደ ሰው መጀመሪያ ‹ሞቀህ ወይ?› ብሎ አይጠይቅም? ቆላ ላለ ሰው ካባ! እነዚህ ሰዎች ዓይን የላቸውም?»

የሁሉም ዓይን አንድ ባንድ ከእማማ ዘነቡ ተነስቶ አረንጓዴ ጥለት ወዳላት ቆብ ሄደ።

«እትዬ ዘነቡ» አሉ ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ሳሙናዋንስ ጠይቀዋታል?»

እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሺ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ ሲስቁ ነው።

«ውይ የኔ ነገር! ሌላውን ስሰድብ… የሺ፣ አምጪያት ወደዚህ። አምሳሉ፣ አንተም ካባህን ጣል፤ ‹እናቴ ናት ያለችው› በላቸው። እኔም ያንተን ሳሙና አወልቅላታለሁ።»

«አውልቂላት እማዬ፣ ታድያ!»

እማማ ዘነቡ በገዛ እጃቸው ዳንቴሉን ገፈፉ። አቶ ደምመላሽ ሁሉንም በበሩ ስንጥቅ ሲያዳምጥ ኖሮ፣ ከነብርድ ልብሱ ወጥቶ ስልኩን ዘጋ። ቡድኑ እየተሸነፈ ስለነበር ብዙም አልከበደውም።

«ና ተቀመጥ አጠገቤ» አሉት እማማ ዘነቡ። «ሽማግሌ አልላክሁህም፣ በድያለሁ። ምርቃቱ ላይ ግን ቀድመህ አሜን የምትለው አንተ ነህ።» አቶ ደምመላሽ ብርድ ልብሱን አጥፎ እንደ ሽማግሌ ጋቢ ትከሻው ላይ አደረገና ተቀመጠ።

ወይዘሮ ሸጊቱ ሳሙናዋን በነጠላቸው ጫፍ አራገቧት። የሺ አጠፋቻት፣ ጥቂት አሳረፈቻት፣ አበራቻት።

እማማ ዘነቡ ዳንቴሉን አወረዱ፤ ዳንቴሉ ወረደ። ዳንቴሉ ሲወርድ ደምመላሽ ስልኩን ዘጋ። ስልኩ ሲዘጋ ዋይፋዩ አወፈረ። ዋይፋዩ ሲያወፍር ሳሙናዋ አቀበለች። ሳሙናዋ ስታቀብል ቴሌቪዥኑ አሳየ። ቴሌቪዥኑ ሲያሳይ፣ ግድግዳውን ሞልቶ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ካባውን ክንዱ ላይ አጥፎ፣ አምሳሉ ባዶ ወንበር ፊት ተንበርክኮ ታየ።

«አየሁት! የኔ ልጅ ነው፣ ቁንጫም አይደለም!»

ከዚያ መረቁ።

«ውለዱ፣ ክበዱ። እንጀራችሁ ይባረክ፣ ደጃችሁ አይዘጋ። ሲሞቅህ የምታራግብህ፣ ሲበርዳት የምታለብሳት ያድርጋችሁ። ሳትጠይቁ ከማልበስ ይሰውራችሁ!»

«አሜን!» አለ ደምመላሽ፣ ከሁሉም ቀድሞ፣ ከሁሉም ጮኾ።

አምሳሉ ጎንበስ ብሎ የባዶውን ወንበር ጠርዝ ሳመ። እማማ ዘነቡ ሳያውቁት ጉልበታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጉ። ጉልበታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ማን ይሳምልኝ ታድያ?» አሉ።

የሺ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ስለ ወንድሟ የእናቷን ጉልበት ሳመች። እልልታው ሊጀምር ሲል ግን አልተነሳችም፤ ደግማ ሳመች።

«የመጀመሪያው የእሱ ነው» አሉ እማማ ዘነቡ። «ይኼኛው የማነው?»

«የኔ ነው እማዬ። ይቅር በይኝ።»

«ምን አድርገሽ?»

የሺ ነገረቻቸው። ሐኪሙ አልከለከለም አለች፤ የከለከልኩሽ እኔ ነኝ አለች፤ መንገዱን ፈርቼ ነው አለች። አንዱንም አልደበቀችም። ግን ደሴም አርባ ምንጭም በአንድ ጊዜ እልል አለ፤ አምሳሉም ተነሳ። እማማ ዘነቡ ዓይናቸው ከልጃቸው ላይ ሳይነቀል እጃቸውን የየሺ ራስ ላይ አሳረፉ። ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እናንተ ግን ሰምታችኋል። እባካችሁ ይቅር በሏት።