ከጥላው ስር የተኛችው የመንዝ በግ

ተረት ተረት ስል የላም በረት አትበሉኝ፤ የዛሬው የበግ በረት ነው።

አትጠገብ የምትባል አንዲት አሮጊት ነበረች። የመንዝ ልጅ ናት። ገና በአፍላነቷ አንድ የቆላ በግ ነጋዴ አገባትና ይዟት ወደ ታች ወረደ። ባሏ ሞተ፤ እሷ እዚያው ቀረች። የቆላ ሰዎች «ደገኛዋ» ይሏታል። የየትኛው ደጋ ነሽ ብሎ የጠየቃት ግን የለም። የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፦ ሳትሞት አንዲት የመንዝ በግ ደጇ ላይ አስራ እጇን በሱፏ ውስጥ መስደድ።

በየገበያው እየዞረች ላት ታገላብጣለች፣ ጆሮ ትዳስሳለች፣ ፀጉር በጣቶቿ ታሻለች። መንዜዋን ስትፈልግ የሌሎቹን ሁሉ ዘር መለየት ተማረች። የፈለገውን ያጣ ሰው እውቀቱ የሚበዛው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ኑሩ ከሚባል ነጋዴ በረት ደረሰች። በጎቹ ፀሐይ ሲጠናባቸው እንደሚያደርጉት፣ አንዱ ራሱን ከሌላው ጎን ጥላ ስር ወሽቆ ተቆላልፈው ተኝተዋል። ከሁሉም ስር አንዲት ትንሽ ዳሌ ትታያለች። ሱፏ ጥቁርና ጨብራራ ነው፤ ላቷ አጭር፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ።

«ኑሩ፣ ያቺ የመንዝ ናት» አለች አትጠገብ።

ኑሩ ከሰሌኑ ላይ ቀና አለ። «በዚህ ንዳድ ሱፍ ምን ያደርግልዎታል እማማ? መቀቀል ፈልገው ነው?»

«አንተ ብቻ ሽጥልኝ።»

«ይውሰዷት፤ ከእርስዎ ጋር በዋጋ አልከራከርም። ግን ቀትር ላይ የተቆላለፈ በግ አይጎተትም። ጎትተው ከለዩት ይደነግጥና ሣር ይተዋል፤ ደጅዎ ላይ ትሞትብዎታለች። በገዛ እግሯ ከተነሣች ትከተልዎት። የጭነት መኪናው አይሱዙ ከመጣ ግን እኔ የመንዝ፣ የእንትን ብዬ አልለይም። ሁሉንም እጭናለሁ። ይደንግጥ አይደንግጥ፣ የሚጫነው ለበዓል የሚታረድ ነው።»

አትጠገብ ጎንበስ አለች። «ተነሺ ልጄ፣ አብረን እንሂድ።»

«ጥቁር ራሱ ካልተነሣ አልነሣም» አለች መንዜዋ፤ «ራሴ በእሱ ጥላ ስር ነው።»

አትጠገብ ወደ ጥቁር ራሱ ዞረች። ገላው ነጭ፣ ራሱ ጥቁር፣ ስቡ ዳሌው ላይ እንደ ትራስ የተቆለለ። «አንተ የሶማሌ በግ ነህ። ተነሣልኝ። መንዜዋ አልነሣም አለች፣ አንተ ካልተነሣህ።»

«እኔም አልነሣም፣ ባለ ረጅም ላቷ ካልተነሣች» አለ።

ወደ ባለ ረጅም ላቷ ሄደች። ፀጉሯ አጭርና ዳማ ነው፤ ላቷ ቁልቁል ወርዶ ቁርጭምጭሚቷን ሊነካ ምንም አልቀረው። «አንቺ የሆሮ በግ ነሽ። ተነሺልኝ። መንዜዋ አልነሣም አለች፣ ጥቁር ራሱ ካልተነሣ። ጥቁር ራሱ አልነሣም አለ፣ አንቺ ካልተነሣሽ።»

«ይህን የሚያህል ላት ተሸክመሽ ብትውዪ አንቺስ በቀትር ትነሺ ነበር?» አለች ሆሮዋ። «መጀመሪያ ቁርጥ ጆሮው ይነሣ።»

ወደ ቁርጥ ጆሮው ሄደች። ላቱ ሰፊ፣ ጆሮው ገና ከሥሩ የቀረ። «አንተ የአፋር በግ ነህ። ተነሣልኝ። መንዜዋ አልነሣም አለች፣ ጥቁር ራሱ ካልተነሣ። ጥቁር ራሱ አልነሣም አለ፣ ባለ ረጅም ላቷ ካልተነሣች። ባለ ረጅም ላቷ አልነሣም አለች፣ አንተ ካልተነሣህ።»

«ምን አልሽ? ጆሮ የለኝም፤ ድገሚው።»

«ትሰማለህ። ዘርህን አውቀዋለሁ፤ ጆሯችሁ አጭር ነው እንጂ አትደነቁሩም።»

«እንዲህ ካወቅሽኝማ እውነቱን ልንገርሽ። ቀጭን ጭራው ካልተነሣ አልነሣም።»

ከሩቅ የአይሱዙው ጥሩንባ ተሰማ። ኑሩ ሰሌኑን መጠቅለል ጀመረ።

አትጠገብ ከዳር ወደተኛው ሮጠች። ላት የለው፤ ጭራው ረጅምና ቀጭን ነው። «አንተ ፍየል፣ ቶሎ ተነሣልኝ። መንዜዋ አልነሣም አለች፣ ጥቁር ራሱ ካልተነሣ። ጥቁር ራሱ አልነሣም አለ፣ ባለ ረጅም ላቷ ካልተነሣች። ባለ ረጅም ላቷ አልነሣም አለች፣ ቁርጥ ጆሮው ካልተነሣ። ቁርጥ ጆሮው አልነሣም አለ፣ አንተ ካልተነሣህ።»

ኑሩ ሳቀ። «እርስዎም እንደ ደጋ ሰው ሁሉ ላት ካላዩ በግ አይመስልዎትም ማለት ነው?»

ቀጭን ጭራው ፊቱን አዞረ። «በየገበያው ፍየል ይሉኛል። ፍየሎቹ ዘንድ ስሄድ ደግሞ በግ ነህ ብለው ይወጉኛል። ከየት እንደሆንኩ ሳትነግሪኝ ንቅንቅ አልልም።»

አትጠገብ ጭራውን ደግማ አየች። ባሏ በሕይወት ሳለ ማታ ማታ ስላየው በግ ሁሉ ያወራላት ነበር፤ እሷ ግን የመንዝ ስም ካልተነሣ ጆሮ አትሰጠውም። ምን ነበር ያለው? ተንበርክካ ፊቱን በመዳፏ ዳሰሰችው። አፍንጫው ቅስት ነው። ጆሮው ረጅምና የተንጠለጠለ።

«የጉሙዝ በግ ነህ» አለች በቀስታ። «በምዕራብ፣ ቀርከሃ ከሚበቅልበት ቆላ። እዚያ ያለው በግ ሁሉ ጭራው እንዳንተ ነው። ማንም አይስቅበትም።»

«ቀርከሃው በነፋስ ይንሿሿል?»

«አላየሁትም። የነገረኝ ሰው ሞቷል፤ እኔም በደንብ አላዳመጥኩትም። ከዚያ መሆንህን ግን አውቃለሁ።»

ቀጭን ጭራው ጆሮውን አራገፈ። «ይበቃኛል» አለና ተነሣ።

ቀጭን ጭራው ሲነሣ ፀሐዩ ቁርጥ ጆሮውን አገኘው፤ ቁርጥ ጆሮው ተነሣ። ቁርጥ ጆሮው ሲነሣ ባለ ረጅም ላቷ ተነሣች። ባለ ረጅም ላቷ ስትነሣ ጥቁር ራሱ ተነሣ። ጥቁር ራሱ ሲነሣ መንዜዋ ራሷን አወጣች፣ አስነጠሰች፣ ተነሥታም አሮጊቷን ተከተለች።

አይሱዙው በረቱ ደጅ ቆመ። ጥቁር ራሱን፣ ባለ ረጅም ላቷን፣ ቁርጥ ጆሮውን፣ ቀጭን ጭራውን ጫነ። የየትኛውንም ዘር አልጠየቀም። አትጠገብ ዞር ብላ አየች፤ ከሁሉም መሀል ቀጭን ጭራው ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ ቆሟል።

ደጇ ስትደርስ በጓን ሳታስር ቁጭ አለችና ጣቶቿን ሱፏ ውስጥ ሰደደች። ከላይ የቆላ አቧራ ነው። ከዚያ በታች ገለባና ጠጠር። ከሥሩ ግን፣ ጣት ሲጠልቅ፣ ሱፉ ረጠብ ያለ ቅባት ነበረው። እጇን አውጥታ አሸተተች። የጓሳ ሣር፣ ጉም፣ የእናቷ በርኖስ።

«መንዜ ነሽ» አለቻት።

«አንቺስ የየት ነሽ?» አለች በጓ።

ወደ ቆላ ከወረደች ወዲህ ይህን የጠየቃት አልነበረም። አሮጊቷ ነገረቻት፤ ከመንደሯ ምንጭ ጀምራ፣ እስኪመሽ ድረስ።

ተረቴን መልሱ አልልም። የሄደ የሚመለስ ከሆነ ግን አፌን በዳቦ ሳይሆን በሱፍ አብሱልኝ።