የድንበሩ መድኃኒትና የጋሽ ሽብሩ ባቄላ

ሰው ለአንዱ ማር ለሌላው ሬት ሲሆን እኛ ሰፈር ወርወር የምናደርጋት አባባል አለች። ከሰማይ ዱብ ያለች እንዳትመስላችሁ፤ ሰበብ አላት። ሰበቧ ድንበሩ ይባላል። ዛሬም በሕይወት አለ፤ አባባሏ በተጠራች ቁጥር ጆሮውን ያካል።

ያኔ ድንበሩ ዘነቡን አጭቶ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ልጅ ያጨ ሰው በነሐሴ ወር ዐሥር ጓደኞቹን አስከትሎ የአማቱን ማሳ ማረም አለበት። እዚያ ነው ወገብ የሚፈተሸው። ማን ቶሎ ቀና አለ፣ ማን ውሃ ጠጣሁ እያለ ጠፋ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዳር ቆማ ታያለች። ድንበሩ ደግሞ ጎንበስ ማለት የሚወደው ትሪ ላይ ብቻ ነው።

በዚያው ክረምት የራሱን ስንዴ ፀረ አረም ረጭቶት ነበር። ተዓምር ነው ያየው! መጩና አሜኬላው አንገቱን ደፍቶ ሲያልቅ ስንዴው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ይሄ መድኃኒት እኮ ዓይን አለው፤ እህሉን ከአረሙ ለይቶ ያውቃል" አለ።

ጠርሙሱ ላይ የስንዴ ስዕል አለ። ድንበሩ ግን ስንዴዋ እህሉን ሁሉ ወክላ የተሳለች መሰለው።

የተረፈውን መድኃኒት አስቀምጦ ወደ ዘነቡ አባት፣ ወደ ጋሽ ሽብሩ ገሰገሰ። ጋሽ ሽብሩ ከጎረቤታቸው ከአባ መኩሪያ ጋር ደጅ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ።

"ጋሼ፣ ለዐሥር ጎረምሳ ከሚደግሱ የባቄላዎን አረም እኔ ብቻዬን በአንድ ጠዋት ድራሹን ባጠፋልዎስ?"

"ብቻህን? በዚች ወገብ?" ገመዱ ከእጃቸው አመለጠ።

"በዚችው ወገብ!"

"እንግዲህ አባ መኩሪያ ይስሙ። ካጠፋህ ሰርጉን ከጥር ወደ ኅዳር አመጣልሃለሁ። ካላጠፋህ ግን ለከርሞ!"

"ይሁን!"

ጓዳ ሆና የምትሰማው ዘነቡ "ኧረ ተው አንተ ሰውዬ!" ስትል ድንበሩ የአማቱን እጅ መትቶ ጨርሷል።

በማግስቱ ጋሽ ሽብሩ ገበያ ሲወርዱ ድንበሩ መርጫውን አዝሎ ባቄላው ውስጥ ገባ። ፀሐይ ሳትከር ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ለጥ አለና በሕልሙ የኅዳሩን ሰርግ ሲጨፍር ዋለ።

በሦስተኛው ቀን አስጠሩት። እያዜመ ነው የሄደ። ማሳው ዳር ሲደርስ ዜማውን አቋረጠ። ባቄላው እንደ በግ ቀንድ ተጠማዟል። ስናሩና ሙጃው ግን ለምለም እንዳሉ በነፋሱ እስክስታ ይወርዳሉ።

"አረሙ ደኅና ነው" አሉ ጋሽ ሽብሩ። "ይመስገነው፣ ራሱን እንኳ አላመመው። ባቄላዬን ግን ምን በድሎህ ነው?"

"በማርያም ጋሼ! የኔን ስንዴ እኮ ቅንጣት አልነካውም!"

ዘነቡ አፏን በነጠላዋ ይዛ ስትታገል ቆየችና ሳቋ አመለጣት። "አንተ፣ የግብርና ባለሙያው ስለ መድኃኒቱ ሲያስተምር የት ነበርክ?"

"እዚያው ነበርኩ!"

"ከኋላ ሆነህ አረማመዱን ስታስመስል ነበራ! ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል፣ ሣር መሳዩን ይተዋል ነው ያለው። ስንዴ ሣር መሳይ ነው፤ ስናርም እንደዚያው። እስቲ አሁን ይሄ ሣር ይመስላል?" ብላ የተጠማዘዘውን ባቄላ አሳየችው።

"ለከርሞ!" አሉ ጋሽ ሽብሩ። "ውል ውል ነው።"

ይሄኔ ዘነቡ ሳቋን ዋጠችው፤ ለከርሞ ማለት ለእሷም ለከርሞ ነዋ! እሷም ድንበሩም ዓይናቸውን ለውሉ ምስክርነት አብረው በመጡት አባ መኩሪያ ላይ ጣሉ።

አባ መኩሪያ ማሳው ውስጥ ገቡና አንድ ቅጠለ ሰፊ አረም ነቅለው ወጡ።

"ሽብሩ፣ ይሄ ምንድነው?"

"መጭ።"

"በሕይወት አለ?"

"የለም፣ ጠውልጓል።"

"ስናሩስ?"

"እሱማ ይጨፍርብኛል!"

"በል እንግዲያው፣ ልጁ ግማሹን አረም አጥፍቷል፣ ግማሹን አላጠፋም። ኅዳርም አይገባውም፣ ለከርሞም አይባልም። ሰርጉ በነበረበት በጥር ይሁን።"

"ባቄላዬስ?"

"እነዚያን ዐሥር ጓደኞቹን ያምጣና ማሳውን ገልብጠው፣ መስከረም ሲጠባ ሽምብራ ይዝሩበት። የሰርጉ ዳቦ ደግሞ ከእሱ ስንዴ ይጋገር። መድኃኒቱ አትርፎለት የለም?"

ጋሽ ሽብሩ ሊኮሳተሩ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው እምቢ አለ። ድንበሩ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። ዘነቡ እልልታዋን አቀለጠችው፤ በአረም ላይ እልል ሲባል ያን ቀን ገና ተሰማ።

"ቆይ ግን አባ መኩሪያ" አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ ሳቃቸው እያቋረጣቸው፣ "ይሄን መድኃኒት አሁን ምን ብዬ ልጥራው?"

አባ መኩሪያ ወዲያ ማዶ ያለውን የድንበሩን ስንዴ አዩ፤ ወዲህ የተጠማዘዘውን ባቄላ አዩና "ምን ይባላል ታዲያ፤ ለስንዴ ወዳጅ፣ ለባቄላ አራጅ!" አሉ።