ገመድ የወረደለት ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ወቅቱን ብነግራችሁ «የእኔ ዘመድ ነው» የሚል ይመጣብኛልና ተዉት፣ ዳምጠው የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ራሱን «ቀይ ዳማ ነኝ» ይላል። ቀዩን የት እንዳየው እሱ ይወቅ፤ እኛ ያየነው የድስት ቂጥ ነው።

ሚስቱን ብዙነሽን የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ያዛት። ምጡ ጠናና የጤና ጣቢያዋ ነርስ «እዚህ አይሆንም፣ ሆስፒታል ውሰዷት፣ አሁኑኑ» አለች። አምቡላንሱ ሌላ ምጥ ይዞ ሄዷል። ዳምጠው ምን ያድርግ? ሚስቱን ደግፎ ወደ ቆላ የሚወርደው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ወጣ።

እዚያ ውስጥ ሦስት ሰዎችን ልብ በሉልኝ።

ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን፣ ሉካስ የሚባል ፈረንጅ አለ። እሱ አስቀምጡኝ አላለም። ረዳቱ ነው ገና ከሩቅ ሲያየው «አባባ፣ እንግዳ መጣ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ይበሉ» ብሎ አንድ ሽማግሌ ያስነሳለት። ፈረንጁ በዚያ ኮልታፋ አማርኛው «ግድ የለም፣ ግድ የለም» ቢል ማን ሰምቶት።

መሃል ላይ እትዬ አስካለ ከነሽንኩርት ጆንያዋ ተቀምጣለች። እጇ ወርቅ ነው፣ በሰፈሯ ስንቱን አዋልዳለች። ምላሷን ግን እግዜር ይያዝላት።

ሦስተኛው ኡጉላ ነው። የጋምቤላ ልጅ፣ አኙዋክ፣ ራሱ ጣሪያ የሚነካ፣ ጥቁረቱ የሚያበራ። ከአስካለ ጎን ሊቀመጥ ሲል ጆንያዋን ባዶው ወንበር ላይ ጎተተችና «ተይዟል» አለችው።

«ማን ያዘው?»

«ሽንኩርት።»

«እሺ፣ ሽንኩርት ይመቸው» አለና ስቆ ኋላ ሄደ። ኋላ ቦታ አግኝቶ ገና ሲቀመጥ ብዙነሽ ስታቃስት ሰማ። ብድግ! ጋደም እንድትል ወንበሩን ለቀቀላትና ጎንበስ ብሎ ቆመ። ዳምጠውን ጭንቀቱን ሊያስረሳው ብሎ ያጫውተዋል፦ «እኔ የምሄደው እህቴን ልድር ነው፣ ነገ። እኛ ጋ ታላቅ ወንድም ቆሞ ካልሰጣት አትሄድም። አንተ በልጅ፣ እኔ በእህት፣ እንኳን ደስ አለህ እንባባላለን።»

ኬላ ደረሱ። ገመዱ መንገዱ ላይ ተወጥሯል። የኬላው አለቃ መጣና «ሁሉም ይውረድ! ይሰለፍ! ይፈተሽ!» አለ። ጋቢናውን ሲያይ ድምፁ ቅቤ ሆነ፦ «አንተ ተቀመጥ ወንድሜ፣ ፀሐይ ነው።» የፈረንጁ ሻንጣ ጥጃ ታክላለች፣ ማንም አልነካት። የአስካለን ጆንያ ግን እስከ ታች በዱላ ወጉት።

ኡጉላ መታወቂያውን ሰጠ። አለቃው ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ።

«ፎቶው ጠቁሯል።»

«እኔም ጠቁሬያለሁ። ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ትቀልዳለህ? የዚህ አገር ሰው አትመስልም። ከድንበር ማዶ ነህ። እስኪጣራ አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም!»

ፈረንጁን፣ ሰባት ባሕር የተሻገረውን፣ «ከየት ነህ?» ያለው አለ? የለም።

«ይህን ሰውዬ የሚያውቅ አለ?» አለ አለቃው ጮክ ብሎ። ዳምጠው አፉን ከፈተ። አውቃለሁ ብል እኔንም ያቆሙኛል፣ ሚስቴ ትሞትብኛለች ብሎ አሰበና አፉን መልሶ ገጠመ። አስካለ ሽንኩርቷን ትለቅማለች። ሌላውም እግሩን ያያል።

ይኼኔ ኡጉላ ወደ ብዙነሽ ዞር ብሎ አየ። «የምታጣሩት እኔን ነው አይደል? እኔ እቀራለሁ። ሴትዮዋ ታልፋለች፣ እነሱን ልቀቋቸው» አለ። ሻንጣውን ከላይ አውርዶ ዛፍ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። እህቱንም ሠርጉንም እዚያች ዛፍ ሥር ይዞ ተቀመጠ በሉ።

አለቃው ግን «የቀራችሁት ደግሞ ሰልፉን ጠብቁ» አለ። ብዙነሽ ጮኸች። ዳምጠው እግሩ ላይ ወደቀ፣ አለቃው በእግሩ ገፋ አደረገው። «ሁሉም ሰው ችኩል ነው እዚህ!»

ያኔ ፈረንጁ ዘሎ ወረደ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። ብዙነሽን አመለከተና «ይህች ሴት የእኔ ናት! ሁሉም የእኔ ናቸው! ክፈት!» አለ። ባሏ እዚያው አለ፤ ሌላ ቀን ቢሆን መቀስ ያነሳ ነበር። አለቃው ወረቀት አልጠየቀ፣ የማን ናት አላለ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አትነግረኝም?» ብሎ ገመዱን በገዛ እጁ አወረደ። ተሳፋሪው ተንጋግቶ ገባ፣ አውቶቡሱ ተፈተለከ። ፈረንጁ በመስኮቱ ዞሮ ዛፉን አየ። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ዳምጠውም ዞሮ አየ። እሱማ አፉም አልተንቀሳቀሰ።

ሆስፒታሉ ገና ሩቅ ሳለ ሕፃኑ መጣ። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፣ ገላው ሰማያዊ ነው። አስካለ ጆንያዋን ወዲያ አሽቀንጥራ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «ወንዶች ዞር በሉ! አንተ ሹፌር፣ ቀስ ብትል እገልሃለሁ!» እትብቱን ከአንገቱ አላቀቀች፣ አፉን በጣቷ ጠረገች፣ እፍ አለችበት፣ ጀርባውን አሸች፣ ደግማ እፍ አለችበት። ዋ! አለ ልጁ። አውቶቡሱ በእልልታ ሊፈርስ! እናቲቱ ግን ደሟ አልቆም አለ። ሆስፒታል ሲደርሱ ነው በመርፌ ያቆሙላት። ሐኪሙም «ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ ለቅሶ ነበር» አለ።

እነዳምጠው ቤት አንድ ወግ አለ። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ልጅ ዓመት ሲሞላው ያዳነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው የጡት አባቱ፣ ሴትም ከሆነች የጡት እናቱ ናት። ልጁ ሲታመም ይጠራል፣ ሲያገባ ይመርቃል። ሁለት ሦስት አይደረግም፣ አንድ ነው።

ዓመቱ ሞላ፣ ሦስቱም ተጠሩ። ዳምጠው ማሩን በጣባ ይዞ መሃል ቆመ።

አማቱ እማማ ተዋበች ቀደሙ፦ «ምን ያከራክራል? ፈረንጁ ነዋ! ለልጁም ያልፍለታል።»

«እኮ በምን ሂሳብ?» አለች አስካለ። «እኔ ባልኖር ገመዱ የሚወርደው ለሬሳ ነበር። ትንፋሹ የእኔ ነው።»

ኡጉላ ቀስ ብሎ «እኔ ባልቀር አውቶቡሱ እዚያው ነበር» አለ። «በማግስቱ ለቀቁኝ። ስደርስ የሙሽራው ወገኖች ጥሎሻቸውን ይዘው ተመልሰዋል። እህቴ እስከ ዛሬ ቤት ናት።»

«አይ ልጄ፣ አንተንማ ያዙህ እንጂ መች በፈቃድህ ቀረህ?» አሉ እማማ ተዋበች። አንዱ «ወጥ ጨምሩለት» አለ። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ሉካስ ተነሳ። «ለእኔ አይገባም። ገመዱን ያወረደው ፊቴ ነው፣ ፊቴን ደግሞ እኔ አልሠራሁትም። ለኡጉላ ይገባል።»

ቤቱ በአንድ አፍ «እውነት ነው! ለኡጉላ!» አለ። እማማ ተዋበች ሳይቀሩ «አቤት ቅንነት! ፈረንጁ ካለ ለኡጉላ ይሁን!» አሉ። ዳምጠው እፎይ ብሎ ማሩን ወደ ኡጉላ አስጠጋ።

ኡጉላ እጁን አልዘረጋም።

«አሁን እኔም ይህንኑ አልተናገርኩም? እኔ ስለው ወጥ ጨመራችሁልኝ። እሱ ሲለው ማር መጣ።»

«ታዲያ ዝም ልበል?» አለ ሉካስ ግራ ገብቶት።

«ኬላው ላይ ዝም ብለህ የለ?»

«ሁሉም የእኔ ናቸው ብዬ ነበር።»

«ያን ስትል እኔም ነበርኩበት?»

ሉካስ ብዙ አሰበ። «አላውቅም» አለ። እውነቱን ነው፣ አያውቅም።

«እንግዲያ ለእኔ ስጡኛ!» አለች አስካለ። ኡጉላ አያት። እሷ ግን ዓይኑን አላየችም፤ አቀርቅራ ቀሚሷን ታራግፋለች።

ዳምጠው ጣባውን ይዞ ቆሟል። ለፈረንጁ እንዳይሰጥ ሰውዬው ራሱ አይገባኝም ብሏል፤ ግን ያ ፊት ባይኖር ሚስቱ ዛሬ የለችም። ለአስካለ እንዳይሰጥ ያ የሽንኩርት ወንበር ትዝ ይለዋል፤ ግን ልጁ የሚተነፍሰው በእሷ ትንፋሽ ነው። ለኡጉላ ቢሰጥ በፈረንጅ ቃል የሰጠው ይመስላል፤ ቢነሳው ደግሞ ሌላ ኬላ ይሆንበታል። በዚያ ላይ «የሚያውቀው አለ?» ሲባል አፉን የገጠመው እሱ ራሱ ነው፤ የማንን ሐቅ ሊዳኝ ነው? ልጁ ማሩን አይቶ እየተንጠራራ ያለቅሳል።

በሉ እንግዲህ፣ አፋችሁን ከፍታችሁ አትዩኝ። ዳምጠውን ብትሆኑ የማንን ጣት ማር ታስነክሩ ነበር?