የክርስትናው ድንኳን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የብርድ አገር ወሬ ነው። መንዝ ውስጥ ፋናዬ የምትባል እናት ነበረች። ያለ ጊዜዋ የተወለደች፣ ከድመት ግልገል እምብዛም የማትበልጥ ሴት ልጅ ነበረቻት። ልጅቱ ነገ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች። ፋናዬ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ስትጠመቅ እንዳይበርዳት።

ቄስ ላቀው ዘንድ ሄደች። «አባ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሙቁልኝ።»

«ልጄ፣ ጣሪያው እንደምታይው ነው፤ ሩቅ ነው። አምና ድንጋይ አግለን ብናስገባ ሙቀቱ ሽቅብ ወጣና እርግቦቹ ሞቁበት፤ እኛ ታች ተንቀጠቀጥን። ውስጡ ድንኳን ቢተከል ግን ሙቀቱ ከኛ ጋር ይቀር ነበር። እስቲ የእድሩን ጠይቂ።»

ልጇን አቅፋ የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ተክሉ ዘንድ ሄደች። «ጋሼ፣ ድንኳኑን ይስጡኝ። ድንኳን ከሌለ ሙቀት የለም፤ ሙቀት ከሌለ ልጄን ይበርዳታል።»

«በደስታ! ግን ነፋስ ለሁለት ቀዶታል። ደምስ ይስፋውና ውሰጂ።»

ልብስ ሰፊው ጋሽ ደምስ ዘንድ ሄደች። «ጋሼ፣ ድንኳኑን ይስፉልኝ። ካልተሰፋ ድንኳን የለም፤ ድንኳን ከሌለ ሙቀት የለም፤ ሙቀት ከሌለ ልጄን ይበርዳታል።»

ጋሽ ደምስ ጣቶቻቸውን ዘረጉላት። ደንዝዘው መርፌ አይዙም። «እሳት ሞቄ ስነሣ መልሰው ይደርቃሉ። ጫፉ ክፍት የሆነ የሱፍ ጓንት ባገኝ ዛሬውኑ እሰፋው ነበር። እማማ ወርቅያንሱ ጋ አይጠፋም።»

እማማ ወርቅያንሱ ብቻቸውን የሚኖሩ ሱፍ ፈታይ ናቸው። «እማማ፣ ጓንት ይስጡኝ። ጓንት ከሌለ የጋሽ ደምስ እጅ አይሠራም፤ እጃቸው ካልሠራ ድንኳኑ አይሰፋም፤ ካልተሰፋ ድንኳን የለም፤ ድንኳን ከሌለ ሙቀት የለም፤ ሙቀት ከሌለ ልጄን ይበርዳታል።»

እማማ ከሣጥናቸው ጥንድ ጓንት አወጡ። የአንዱ አውራ ጣት አልተሠራም።

«ሾፌሩን ልጄን ታውቂው የለ? ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመቱ። ለሱ ጀምሬው ነበር። ዛሬ ልጨርሰው እልና፣ ስጨርሰው እሱም የሚያልቅብኝ ይመስለኛል። አልሰጥም ልጄ፤ አትቀየሚኝ።»

ፋናዬ ልትሄድ ልጇን ስታስተካክል ልጅቱ ነቃች። እጇን ሰደደችና የእማማን ጣት ያዘች።

«ውይ፣ እጇ በረዶ ሆኗል እኮ!» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ ኪሮሻቸውን አነሡ።

አውራ ጣቱ አለቀ፤ ጓንቱ ተሰጠ፤ የጋሽ ደምስ እጅ ሞቀ፤ ድንኳኑ ተሰፋ፤ በነጋታው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተተከለ፤ የጋለው ድንጋይ ገባ፤ ሙቀቱም መውጫ አጣ።

«የክርስትና እናቷ ማናት?» አሉ ቄስ ላቀው።

ፋናዬ ወደ እማማ ዞረች። «እርስዎ ይሁኑላት።»

«እኔ?» አሉ እማማ። ክንዳቸውን ግን ዘርግተው ነበር።

ውሃው ሲነካት ልጅቱ አለቀሰች። እንደ ጤነኛ ልጅ፣ ከሆዷ፣ ጮክ ብላ። ፋናዬ ልጇ እንዲህ ስታለቅስ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ልጅቱ በእማማ ክንድ ላይ እንዳለች ፋናዬ ትንሿን እግር በመዳፏ ያዘቻት።

እግሯ ይሞቃል።