ከጋቢ ሥር የጮኸው አውራ ዶሮ

አንድ አላምረው የሚባል ግንበኛ ነበር። በሙያው የተመሰገነ ቢሆንም ጉራ ያበዛል። አማቶቹ እሑድ ሊጠይቁት እንደሚመጡ በሰማ ጊዜ ዶሮ ወጥ አቀርባለሁ ብሎ ለመንደሩ ሁሉ አወራ። ዶሮ ግን አልነበረውም። እሑድ ጠዋት በጎረቤቱ በወይዘሮ አስካለ አጥር በኩል ሲያልፍ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ብቻውን ሲጭር አየ። በዕድሜው የሰው ንብረት ነክቶ አያውቅም። ያን ቀን ነካ።

ዶሮውን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ቤቱ ሲጣደፍ ዛፍ ሥር የተሰበሰቡ የእድር ሰዎች ጠሩት። ከስብሰባ መቅረት ያስቀጣልና መጥቶ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ አቶ ቢተው ስለ እድሩ ድንኳን መቀደድ ሲያስረዱ ከአላምረው ጋቢ ውስጥ ዶሮ ጮኸ። አላምረው ጉንፋን ይዞኝ ነው አለ። ዶሮው ደገመ። እንዲህ ያለ ጉንፋን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ጋቢው ተገለጠ።

በማግስቱ ፍርድ ቤት ቀረበ። አላስተባበለም፤ አንገቱን ደፍቶ አጥፍቻለሁ አለ። ወይዘሮ አስካለ ይታሰርልኝ አሉ። አቶ ቢተውም ለምስክርነት ቆመው፣

«ክብርት ዳኛ፣ ዛሬ ዶሮ የሰረቀ ነገ በሬ ይሰርቃል» አሉ።

«ዶሮ የሰረቀውን በሬ ከሰረቁት ጋር ስድስት ወር ባስቀምጠው ምን ተምሮ የሚወጣ ይመስልዎታል?» አሉ ዳኛዋ።

አቶ ቢተው ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

ዳኛዋ ወይዘሮ አስካለን ምን እንደጎደለባቸው ጠየቋቸው። እሳቸውም ዶሮው እንደተመለሰላቸው፣ ነገር ግን የዶሮ ቤታቸው በር እንኳ ስለሌለው ከእንግዲህ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ተናገሩ። ዳኛዋም መዝገቡን ለስድስት ወር አቆዩት። አላምረው በገዛ እጁ የዶሮ ቤት ይሠራል፤ ጠዋት ከፍቶ ማታ ይዘጋል። አንድም ዶሮ ሳይጎድል ጊዜው ካለፈ ክሱ ይቀራል፤ ከጎደለ ይታሰራል። ወይዘሮ አስካለ እያጉረመረሙ ተስማሙ። መንደሩ ግን ጅብ የአህያ ጠባቂ ሆነ እያለ ሳቀ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለአላምረው ከእስር አልተሻሉም። ወይዘሮ አስካለ ዶሮዎቹን በቀን ሦስት ጊዜ ይቆጥሩ ነበር፤ ያውም እሱ ፊት ቆመው። አውራ ዶሮውም ቂም ይዞ ባገኘው ቁጥር እግሩን በምንቃሩ ይወጋዋል። ይሁን እንጂ የዶሮ ቤቱ አምሮ አለቀ። እንዲያውም ዝናብ ሲመጣ የዶሮዎቹ ቤት ደረቅ ሆኖ የባለቤታቸው ጣሪያ ያፈስ ጀመር። አላምረው ይህን ማየት ስላሳፈረው ማንም ሳያዘው ወጥቶ ጣሪያውን ጠገነ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አስካለ የሚቆጥሩት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ።

በአምስተኛው ወር አንዲት ነጭ ዶሮ ሳትመለስ ቀረች። አላምረው ሊፈልጋት ወጣ። ከበር በር ሲዞር ውሎ ከአቶ ቢተው ጭድ ላይ እንቁላል ታቅፋ አገኛት። ዶሮዋ ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያ ስትጥል ሰንብታለች፤ አቶ ቢተውም የማን ዶሮ ናት ብለው ሳይጠይቁ በየማለዳው ከእንቁላሉ እያነሱ ይበሉ ነበር። አሁን ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

አላምረው ለመንደሩ ማወጅ ይችል ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«ጋሽ ቢተው፣ ለእትዬ አስካለ እርስዎ ራስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል። እኔንም የቀለለኝ አጥፍቻለሁ ካልኩ በኋላ ነው።»

አቶ ቢተው አንድ ሰሃን እንቁላል ይዘው ሄዱ። ወይዘሮ አስካለም እንባቸው እስኪወርድ ስቀው እንቁላሉን ተቀበሉ፤ ዳኛ አልጠሩም።

ስድስት ወሩ ሲያልቅ ዳኛዋ ወይዘሮ አስካለን ቅሬታ እንዳላቸው ጠየቋቸው። አንድ ብቻ አለኝ አሉ፤ የወጥ ቤታቸው ግድግዳ ገና ስላልተሠራ ስድስት ወር ቢጨመርበት ይወዱ ነበር። ችሎቱ ሳቀ። ክሱም ቀረ። አላምረው ግን በሳምንቱ መጥቶ ግድግዳውን ሠራ፤ በዚህኛው ጊዜ ተከፍሎት።

የመጀመሪያ ጥፋት የሰው ስም መሆን የለበትም። ማንንም ያልጎዳ እጅ አንድ ቀን ሲስት፣ ማሰሩ ቀላል ነው፤ ያበላሸውን እንዲያቃና ማድረግ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የተበደለውንም የሚክሰው ይኸኛው ነው። እርስዎስ በመጀመሪያ ስሕተትዎ ቀን በሚያስር ዳኛ ፊት ወይስ ጥፋትዎን እንዲያቃኑ በሚያደርግ ዳኛ ፊት መቆም ይመርጡ ነበር?